የመንጋጋዎቹ ሁለተኛ ቤት

ሰው በዘፈን፣ በደብዳቤ፣ በዳንስ ፍቅር ሲይዘው አይቻለሁ፤ በባክአፕ፣ በኮምፒውተር ፋይል መጠባበቂያ ቅጂ፣ የተያዘ ሰው ግን ከዚህች ልጅ በቀር አላውቅም። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ከአክስቷ ጋር ሆና አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወርክሾፕ ከፍተዋል። የጥርስ ሐኪሞች የታካሚውን አፍ በስካነር ያነሱና ፋይሉን ይልካሉ፤ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ መንጋጋውን ወዲያ ወዲህ እያገላበጠች የጎደለውን ትሞላለች፤ ማሽኑ ይቀርጸዋል፤ ከዚያ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛቸው አለስላሹ በምትሽከረከር ብሩሹ እያሸ ያብረቀርቀዋል። ሁሉን ነገር ደጋግማ ሳታይ ከእጇ ስለማትለቅ በሙያው ያሉት ሰዎች «ጥንቁቋ» አሏት፤ በዚያው ጸናባት።

ጠረጴዛዋ ሥር አንድ ጥቁር ሳጥን አለ፣ ሰርቨር የሚሉት። የከተማው ሰው ግማሹ አፉን ከፍቶ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል ብትሉ አልተሳሳታችሁም። የአንዱ ሽማግሌ ጥርስ ቢሰበር፣ ወይ አንዷ ሴትዮ ጥርሷን አውቶቡስ ውስጥ ረስታ ብትወርድ፣ እንደገና አፍሽን ክፈቺ ብሎ የሚያስቸግራት የለም፤ ፋይሉን ከሳጥኑ አውጥቶ መሥራት ነው። ክፋቱ፣ መንጋጋው ሁሉ ያለው እዚያችው ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የለም።

ታዲያ አንድ ቀን አክስቷ፣ ሌላ ከተማ ያለች የሙያ ጓደኛቸው ወርክሾፕ ተቃጥሎ ፋይሉ በሙሉ አመድ መሆኑን ሰሙ። ክው አሉ። ወዲያው ጥንቁቋን ጠሯትና፣ የመንጋጋዎቹ ሁለተኛ ቅጂ የእኛ እሳትና የእኛ ጎርፍ የማይደርስበት ሩቅ ቦታ ይቀመጥልኝ፣ ምርጫውን ላንቺ ትቼዋለሁ አሏት። ሩቅ የምትለዋን ጠበቅ አድርገው ነው የተናገሩት። እሷም እሺ እትዬ አለች።

የቀረበላት ምርጫ ሦስት ነው። አንደኛው ራሱ አለስላሹ፤ በየማታው ሃርድ ዲስኩን በቦርሳዬ ይዤ ቤቴ ላሳድረው አለ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሬን ያያችሁ እያለ የሚዞር ሰው ነውና አክስቷ መልስ እንኳ አልሰጡትም። ሁለተኛው ከተራራው ማዶ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ያለ ድርጅት ነው፤ እዚያ ስልክ የምታነሳው ሴትዮ ስትናገር የባቡር መነሻ ሰዓት የምታስነግር ነው የምትመስለው። ጨዋ ናት፣ የማታውቀው ነገር የለም፣ ግን እንቅልፍ ታመጣለች። ሦስተኛው ድርጅት ሰው ላከ።

ኧረ ምን ዓይነቱን ሰው! መልከ መልካም ነው እንዳልላችሁ አፍንጫው ትንሽ ጠመም ያለ ነው። ግን ሲሰማ ይሰማል። ሰው ሲያወራው ስልኩን አያይም፣ በር በሩን አያይም። ጥንቁቋ ፋይሎቹ እናንተ ጋ ሲቀመጡ ማን ይከፍታቸዋል ብላ ጠየቀችው። ከእርስዎ በቀር ማንም፤ ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው፣ ከጠፋብዎት እኔም አብሬዎት ደጅ ቆሜ ከማልቀስ በቀር የማደርገው የለም አላት። እሷም ሳቀች። ይቺ ልጅ የሰው ጥርስ ስታቃና እየዋለች የራሷ አንዱ ጥርስ ተንጋዶ የበቀለባት ናትና ስትስቅ ሁልጊዜ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያን ቀን መሸፈኑን ረሳችው። አለስላሹ ከጥጉ ሆኖ ይህን አየና ማሽኑን አጠፋ።

ሰውየው ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ የድርጅቱን አሠራር ነገራት። እሱ ከደንበኛ ጋር የሚቆየው ውል እስኪፈረም ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛው ለድጋፍ ክፍል ይተላለፋል፣ እነሱ ደግሞ ሥራቸው ሁሉ በስልክ ነው። አመስግና በሩን ዘጋች። ጠረጴዛዋ ጋ ሳትደርስ ነገሩ ገባት። ከፈረመች አይመጣም። አልፈልግም ካለችም አይመጣም። የሚመጣው ሳትወስን እስከቆየች ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ምን ልበላችሁ። ጥንቁቋ መጠየቅ ጀመረች። ቅጂው የሚሄደው ቀን ነው ማታ? ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ሀ ብሎ ይጀምራል? አንድ ሰው ተሳስቶ ፋይል ቢሰርዝ ቅጂው ላይም ይሰረዛል? ድርጅታችሁ ቢዘጋስ መንጋጋዎቻችንን በምን እንቀበላለን? ጥያቄዎቹ የዋዛ እንዳይመስሏችሁ፣ አንድ በአንድ መጠየቅ ያለባቸው ናቸው። ችግሩ፣ ባንድ ቀን መጠየቅ ሲቻል እሷ ለየብቻ ቀን መስጠቷ ነው። አንዱን ጥያቄ ጠይቃ ሌላውን ለነገ ታሳድረዋለች።

እሱም አይሰለች። ትደውላለች፣ ስልኩን ዘግታ ፀጉሯን ሳታስተካክል በሩ ይንኳኳል። አክስቷ ይሄ ሰው ደረጃችን ላይ ነው እንዴ የሚውለው ብለው ተገረሙ። ጥንቁቋ ግን ለሥራው ያለው ትጋት ነው ብላ የልብ ልብ ተሰማት። እግሯ መሬት አልነካ አለ። ጄሶ ስታቦካ ታንጎራጉራለች፤ አንድ ቀን ለአንዲት መነኩሴ የታዘዘውን ጥርስ ለአንድ ቦክሰኛ አሽጋ ልትልክ ስትል አለስላሹ ከደረጃው ላይ ሮጦ መለሰው።

ከሁሉ የሚጥማት የማስመለሱ ሙከራ ነበር። ድርጅቱ ለመሞከሪያ ጥቂት ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ እሷ ሆን ብላ ከሳጥኑ አንድ መንጋጋ ትሰርዛለች፣ እሱ ደግሞ ከቅጂው ያስመልሳል። ሁሌም የምትሰርዘው የአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር የታችኛውን መንጋጋ ነው። መንጋጋው ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ብቅ ሲል ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ የጠፋ ዘመድ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚቀበሉ ሰዎች ደስ ይላቸዋል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ አያውቅም። አለስላሹ ሰውየውን «አቶ ቅጂ» ብሎ ሰየመው፤ አቶ ቅጂ በመጣ ቁጥርም የሚያለሰልሰው ነገር አጥቶ ማሽኑን ያጠፋል። ጆሮውን ሰጥቶ ነዋ።

አክስቷ ብዙ ቻሉ። በመጨረሻ ግን ትዕግሥታቸው አለቀና መነጽራቸውን አውልቀው ቁጭ አደረጓት።

«ልጄ፣ የምንመርጠው የቅጂ ማስቀመጫ ነው ወይስ ባል?»

«ማስቀመጫ ነው እትዬ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርታኛለች።»

አክስቷ ያቺ አንድ ጥያቄ ስንት ልጆች እንዳሏት እናውቃለን ብለው ተነሱ። ጥንቁቋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በማግስቱ ደወለች።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ወርክሾፑን ከፍታ ኮምፒውተሯን ስታበራ መንጋጋ የሚባል የለም። ጎንበስ ብላ አየች። ሳጥኑ ጭጭ ብሏል። መብራት የለው፣ ድምፅ የለው። ቁልፉን ነካች፣ ደግማ ነካች። አክስቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አለስላሹ ሳጥኑን እንደ ታመመ ሰው ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠውና ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሞቹ የዕለቱን ሥራ ለመጠየቅ እየደወሉ ነው፣ ስልኩን የሚያነሳ ጠፋ። ጥንቁቋ ማልቀስ ጀመረች። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ አፍ፣ እሷን አምኖ። ከሹፌሩ መንጋጋ በቀር ቅጂ የሚባል ነገር የትም የለ፤ ለምን? እሷ ልቧን ደስ ይበለው ብላ ነዋ።

እያነባች ጠረጴዛው ሥር ስትገባ ሶኬቱን አየችው። የሳጥኑ ገመድ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። በምትኩ የአለስላሹ ስልክ ተሰክቶ ቻርጅ ያደርጋል። ሦስት ትልልቅ ሰው በድንጋጤ ታውሮ አንድ ሶኬት ማየት አቅቶታል። ገመዱን መልሳ ስትሰካው ሳጥኑ አጉረመረመና ነቃ፤ መንጋጋዎቹ አንድም ሳይጎድል ተመለሱ። አክስቷ ሳቁ እስኪያስነጥሳቸው ድረስ ሳቁ። አለስላሹ ስልኩን ደረቱ ላይ አቅፎ ይቅርታ ይለምናል። ጥንቁቋም አብራ ሳቀች፣ ግን ነፍሷ መለስ ሲል ኀፍረቱ መጣ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ፊቷን ታጥባ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየችና በቃ አለች። ዛሬ ይፈረማል። ሰውየው ቢቀር ይቅር፤ ደግሞ ያማል፣ እያመመም ይፈረማል።

ደወለች። ውሉን ይዘው ይምጡ አለችው። ወዲያው መጣ፣ እንደ ወትሮው። ፊቱ ግን የወትሮው አይደለም። ውሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣው፣ መልሶ ከተተው። እሷ ፊቱን ላለማየት እየጣረች እስክሪብቶ አነሳች። ልትፈርም ዝቅ ስትል መዳፉን ወረቀቱ ላይ ጣለ።

«አይፈርሙ» አላት።

የጥጉ ማሽን ጠፋ። አክስቷ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሰውየው ሄዶ ከጀርባዋ ያለውን መስኮት ከፈተና ኑ ይመልከቱ የሚል ይመስል ቆመ። መንገዱን ተሻግሮ፣ ፊት ለፊት፣ ምድር ቤቱ የብረት በር ያለው ሕንፃ አለ። እዚያ ነው አላት፤ የድርጅቱ ሰርቨሮች ያሉት እዚያ ምድር ቤት ነው፣ ቢሮውም ከላይ ነው። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ላለ ደንበኛ ደህና ሩቅ ነው፣ ለእናንተ ግን አንድ መንገድ፣ አንድ የመብራት መስመር፣ አንድ የውሃ መውረጃ ነው። እዚህ ጎርፍ ከገባ እኛ ጋ ቀድሞ ነው የሚገባው አላት። ጥንቁቋ የብረቱን በር አየች፣ እሱን አየች። ስትደውል ከየት ብቅ ይል እንደነበር አሁን ገባት። አክስቷ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠበቅ አድርገው የነገሯትን፣ ሩቅ ነው ወይ የሚለውን፣ ከጥያቄዎቿ ሁሉ እሱን ብቻ ነው ያልጠየቀችው። ጥንቁቋ ስንላት!

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በመጀመሪያው ቀን ብነግርዎት» አለ፣ ጫማውን እያየ፣ «ሁለተኛ ቀን አይኖረኝም ነበራ።»

ተቆጣች። መቆጣትስ ተቆጣች፤ የሰው መንጋጋ ይዘው ነው እንዴ የሚጫወቱት ብላ ጀመረች። ግን ቃሉ ከአፏ እየወጣ ሳለ የማን ኃጢአት እንደሆነ ታወቃትና መሃል ላይ ቆመች። ሁለቱም ያው ናቸው። እሱ አንድ መልስ ደብቆ፣ እሷ ሺህ ጥያቄ ፈጥራ። ሳቋ አመለጣት። እሱም ቀና ብሎ አይቷት ሳቀ፣ እሷም እንደገና፤ አክስቷ ጋዜጣውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ሳቁ በረድ ሲል ሰውየው ወደ ቁም ነገሩ ገባ። ከተራራው ማዶ ያሉትን ይውሰዱ አላት፤ ከፍታ ላይ ናቸው፣ የራሳቸው መብራት አላቸው፣ እስካሁን የጠየቁኝን ሁሉ እነሱም ያሟላሉ። ያቺን እንቅልፍ የምታመጣዋን ሴትዮ? አዎ እሷን። ጥንቁቋ ደወለች። ሴትዮዋ ባቡሩ ሳይዘገይ ሁሉን ነገር አስረዳች፣ ውሉ በኮምፒውተር መጣ፣ ተፈረመ። መንጋጋዎቹ ተሰልፈው መጓዝ ጀመሩ።

ረጅም ሰዓት ፈጀ። ሰውየው እዚያ ምንም ሥራ የለውም፤ የሚሸጠው የለ፣ የሚያስፈርመው የለ። ግን ጄሶ የነካው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን ከእሷ ጋር ያያል። ሻይ ጠጡ። ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ ስትለው ነገራት፣ የአፍንጫውን ታሪክ ጭምር፤ ከብስክሌት ወድቆ ነው። ለካ ስለ ፋይል ሳያወሩም ማውራት ይቻላል። ሲመሻሽ የመጨረሻዋ መንጋጋ ገባች። ጥንቁቋ የሹፌሩን ሰረዘችና ከተራራው ማዶ አስመለሰች፤ ቀስ እያለ፣ ጥርስ በጥርስ፣ ብቅ አለ። አለስላሹ አጨበጨበ።

 ያለቀ ነገር አለቀ። ሰውየው ተነሳ፣ ሱሪው ላይ የነካውን ነጭ ዱቄት አራገፈ፣ ቦርሳውን አነሳ። እንግዲህ አለ።  ጥንቁቋ ጥያቄ ፈለገች፣ ያን ሁሉ ጥያቄ ስትፈለፍል የከረመች ልጅ ዛሬ አንድ አጣች። እሱ እጁን የበሩ እጀታ ላይ አደረገ።

«ነገ ትመጣለህ?» አለችው።

ዞር አለ። «ለምን ጉዳይ?»

«ለምንም ጉዳይ።»

ሰውየው በሩን አየው፣ እሷን አያት፣ ቦርሳውን መልሶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«ነገማ ሩቅ ነው» አለና ተመልሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።