የዋፉላ ኳስ

ኳሷ ከጉብታው ማዶ ብቅ ብላ በታጨደው ጨፌ ላይ እየተንከባለለች ወደ ጉድጓዷ ስትመጣ ዓለምነው ሮጠ። ማን ሩጥ አለው? እግሩ ነው የሮጠው። በያዘው የጎልፍ ዱላ አንዴ ሲያቀምሳት ኳሷ ተመልሳ ተመልካቹ መሀል ገባች። ሰዉ አጨበጨበ፤ ሴቶቹም እልል አሉ።

መቼም አይፈረድበትም። ደብረ ታቦር ላይ የገና ጨዋታ ሲጫወት ነው ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላው። በገና ጨዋታ ደግሞ እሩሯ፣ ኳሷ ማለት ነው፣ የማንም አይደለችም፤ ወደ ወገንህ ከመጣች መትተህ መመለስ ነው። የዘንድሮውን ከተጫወተም ሦስት ሳምንት አልሞላው። ጎልፍ ግን ሌላ ነው። ሁሉም የራሱን ኳስ ብቻ ይመታል፤ የሰው ኳስ አይነካም። ይህንን ኬንያዊው መሐንዲስ ዋፉላ ስንት ወር ሙሉ አስተምሮታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ እብናት የሚሄደውን መንገድ የሚሠሩት ኬንያዎች እሑድ እሑድ ጎልፍ ይጫወታሉ። እያደር አብረዋቸው የሚሠሩትን ያገር ልጆች አስተማሩና፣ አራት ለአራት የወዳጅነት ውድድር ይደረግ ተባለ። ድርጅቱም ያሸነፈውን ቡድን በሽልማት ናይሮቢ እልካለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ዓለምነው እንቅልፍ የለውም። ምናለ የሚባለው ልጁ በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እዚያው አግብቶ ሴት ልጅ ወልዷል። ወረቀት ስለሌለው መምጣት አይችልም። ለቀያሾች ዘንግ ይዞ የሚቆም አባት ደግሞ በደሞዙ አውሮፕላን አይሳፈርም። ሚስቱ ገነት ግን የሄደ ያህል ቆጥራ ቅቤውን አንጥራለች፣ በርበሬውን አስፈጭታለች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳ እንኳ አብረዋት ለሚታጠቡት ሁሉ ስታወራ ነው የዋለች።

እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻዋ ጉድጓድ ላይ ደረሱ። የዓለምነው ኳስ ከጉድጓዷ አንድ ክንድ ቀርታለች፤ ሕፃንም ይጨርሳታል። ዋፉላ ከጉብታው ማዶ የመታት ከገባች በምት ቁጥር እኩል ይሆናሉ፣ እኩል ከሆኑ ደግሞ ድሉ ለእንግዶቹ ለኬንያዎቹ ነው ተብሏል፤ ካልገባች ያገሬው ልጆች ናይሮቢ ናቸው። ይቺን ነው እንግዲህ ዓለምነው የመታት።

ዋፉላ እያለከለከ ጉብታውን ወጥቶ መጣ። ኳሴ ምን ሆነች አለ። ያገሬው ቡድን አለቃ ሀብታሙ፣ ምላሱ የማይያዝ መጋዘን ጠባቂ ነው፣ ቀድሞ መለሰ።

"ተሳስቶ መታት። ግን አልፋ ነበር፤ አትገባም ነበር። ሰው ሁሉ አይቷል።"

እውነትም ሰው ሁሉ አየሁ አለ። አንድ ማሳ ርቀው የቆሙት ሳይቀሩ አዩ። መነጽራቸውን ቤት የረሱት መሪጌታ ገብረሥላሴ እንኳ በግራ በኩል አልፋ ነበር ብለው መሰከሩ። ገነትማ ስንት ስንዝር እንዳለፈች በእጇ ለካች።

ዋፉላ ሳቀ። ሦስት ዓመት እዚህ ኖሮ አማርኛው ደህና ነው፤ አንቱ ማለት ብቻ አልሆነለትም። ኳሷን ከተመልካቹ መሀል ካነሣት ከሀብታሙ ተቀብሎ ዓለምነው መዳፍ ላይ አስቀመጠለት።

"እኔ አላየሁም። አንተ አጠገቧ ነበርክ። ካለፈች ምንም አይደለም፣ ወዳጆች ነን፤ ያንተን ምታና ጨርስ። ትገባ ከነበረ ግን እንደገባች ትቆጠርልኝ። አንተ ያልከውን እቀበላለሁ።"

ዓለምነው ኳሷ ቤቷን እንደምታውቅ ላም ቀጥ ብላ ስትመጣ አይቷታል። ሀብታሙ ጠጋ አለው።

"ጋሸ፣ ምነው? አራት ሰው ነን እኮ። ብቻዎን አይደሉም።"

ገነትም ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። ሴት እዚህ አይገባም ቢሏትም አልሰማች።

"አንተ ሰውዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። አልፋ ነበር በለው።"

"አንቺ ከዚያ ሆነሽ ምን አየሽ?"

"ልጄን ነዋ ያየሁ።"

ዓለምነው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጉድጓዷን ምልክት ባንዲራዋን ነቀለና የዋፉላን ኳስ በእጁ ጉድጓዷ ውስጥ ከተታት።