ፊደል የጎደለው ካንጋ

እኔ መጽሐፍ አላነብም፤ ይነበብልኛል። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ግን አንድ ገጽ ሳልጨርስ ፀሐይ ትጠልቃለች። ስለዚህ እዚህ ላሙ ደሴት ላይ፣ እኔ ደጅ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ፣ ከቀትር በኋላ ሰሌን ስንጎነጉን መምህርት ናይላ ታነብልናለች። እሷ አትጎነጉንም፤ ዘንባባ ጣቷን ይቆርጣታል። ድምፅዋ ግን ደህና ነው።

ያን ሰሞን የያዝነው መጽሐፍ ከሞምባሳ የመጣ ነበር። ደራሲው አይታወቅም፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሰው ስም አይመስልም። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ሴት ትጠፋለች፤ ባሏ በጀልባ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ ባሕር በላት ይላል፤ አንድ ዘመዷ አላምንም ብሎ ይፈልጋታል። ይህን ለመናገር ግን ደራሲው በየመንገዱ ይቆማል። በር ካየ ተጠርቦ የወጣውን አበባ ቅጠል በቅጠል ይነግርሻል። የመታጠቢያ ገንዳ ካየ፣ ትንኝ እንዳይራባ የተለቀቁት ትንንሽ ዓሦች ብርሃን ሲያገኛቸው ምን እንደሚመስሉ ሳይናገር አያልፍም።

ጎረቤቴ ቢ ቲሜ ጥርሷ ያለቀ፣ ምላሷ ያላለቀ አሮጊት ናት። ትዕግሥቷ አለቀ።

«ይሄ ሰውዬ ገዳዩን ትቶ ዓሣ ያጠምዳል። ማን ገደላት? እሱን ንገሪኝና ልተኛበት።»

«ውበቱ እኮ እዚያው ላይ ነው፣ ቢ ቲሜ» አለች ናይላ። «እንዲህ ያለ ቋንቋ ከየት ይገኛል?»

«ውበት የፈለገ መስተዋት ያያል።»

«አንቺ ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አልኳት። ሳቅን። እኔ ዓሦቹን ወድጃቸው ነበር። የማይቸኩል ሰው ይስማማኛል።

አራተኛዋ ዙሁራ ናት፤ የወንድሜ ልጅ። አባቷ ሲሞት እኔ እጅ ላይ አደገች። የጀልባ አለቃው የናኩዳ ፋማው ሚስት ከሆነች ሁለት ረመዳን አልፏል። ናኩዳው በጀልባው ወደ ሰሜን ሲሄድ እኔ ጋ እየመጣች ትጎነጉናለች፤ ሲመለስ ቤቷ ትገባለች። ያን ቀን ይመጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ከሷ በፊት ሳልሃ የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ወደ ፓቴ ደሴት ስትሻገር ባሕር በላት ተብሎ ያለ ሬሳ ተለቀሰላት። እኛ አገር ባሕር የበላው ዘመድ የሌላት ሴት የለችም። ስለዚህ መጽሐፉ ሲነበብ ማናችንም ሳልሃን አላሰብንም።

ናይላ ገጹን ገልብጣ ቀጠለች። ባልየው ሳጥን ከፍቶ ካንጋ፣ ሴት የምታሸርጠውን አባባል የታተመበት ጨርቅ፣ ሲያወጣ ነው። ደራሲው እንደ ልማዱ ቆመ፦ መደቡ እርድ የመሰለ ቢጫ ነው፣ ጠርዙ ላይ ጥቋቁር የካሹ ፍሬዎች አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ይሄዳሉ። ከዚያ ከጫፉ በላይ ያለውን አባባል ስታነብ ሳቋ መጣ።

«አታሚው ተሳስቷል። ‹ባሕር ቢለየንም እጠብቅሻለሁ› ሊል ፈልጎ ‹ቅ›ን በላት። ‹ባሕር ቢለየንም እጠብሻለሁ› ይላል፤ አጥብሻለሁ እንደ ማለት።»

«በምን ሳሙና?» አለች ቢ ቲሜ።

ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። የዙሁራ ጣት ግን ቆመ። የጎንጓኝ ጣት መሐል ላይ አይቆምም፤ እርጥቡ ዘንባባ ይደርቃል። ቀና ብዬ አየኋት። ጥቁር ልብሷን ከጉልበቷ ገለጥ አድርጋ ከወገቧ ያሸረጠችውን ካንጋ ጫፍ ዘረጋችልኝ።

«አክስቴ፣ ይቺን አንብቢልኝ።»

ቢጫ ናት። ፍሬዎቹ ጥቁር ናቸው። ፊደሎቹን በጣቴ አንድ በአንድ እየነካሁ ሄድኩ፤ ‹ጠ› ጋ ደረስኩ፣ ‹ብ› ጋ ደረስኩ፣ ቀጥሎ ‹ሻ› ሆነ። ‹ቅ› የለችም። በዚህ ጊዜ ስለ ሳሙና የጠየቀ አልነበረም።

«ከሳጥኑ አውጥቶ የሰጠኝ እሱ ነው» አለች ዙሁራ። «ጥንዷ የለችም። ሌላዋስ ስለው፣ ሸራ ሲቀደድብኝ ባሕር ላይ ጣፍኩባት አለኝ።»

ካንጋ ጥንድ ሆኖ ይሸጣል፤ አንዱ ለወገብ፣ አንዱ ለራስ። ሴት ስትሞት በራሷ ካንጋ ትሸፈናለች፤ ያኔ ሁለተኛው ብቻውን ይቀራል። ይህን ለማናችንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

«ቀጥዪ» አልኳት ናይላን።

ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ አነበበች። ባልየው በአንደኛዋ ካንጋ ሴትዮዋን ጠቀለላት። በውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ውስጥ ከተፈለፈሉት መደርደሪያዎች ታችኛው ትልቁ ውስጥ አስገብቶ፣ በድንጋይ ዘግቶ በኖራ ለሰነው። በማግስቱ ለቅሶ የመጡት ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ሁለተኛዋን ካንጋ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ አኖራት።

«እኔ የምተኛበት ክፍል» አለች ዙሁራ፣ «ታችኛው መደርደሪያ ተደፍኗል። እርጥበት በላው ብሎኛል። የምተኛው ራሴን ወደዚያ አድርጌ ነው።»

ቢ ቲሜ ዘንባባዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ስሚኝ ልጄ። አሁን ነው ትዝ ያለኝ፤ ያችን ካንጋ ሳልሃ ስትለብሳት ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ነጋዴው ተሳስታ መታተሟን ሲያውቅ በርካሽ አራገፋት። ሬሳ ማጠብ የምታወራ ጨርቅ ማን ይለብሳል ብለን ሁላችንም ተውናት። ፋማው ብቻ ቀለሟን አይቶ ለሳልሃ ገዛላት፤ ስንት ቀን ቀለድንበት። ከኛው አንዱ ሞምባሳ ገብቶ ጻፈው፣ አለቀ። የተደፈነ መደርደሪያ ደግሞ እኔም ቤት አለ። አይጥ ነበረበት።»

«ልብ ወለድ ነው» አለች ናይላ። «ደራሲ ካየው ላይ ይነሣና ያላየውን ይጨምርበታል። መጽሐፍ ምስክር አይሆንም።» እንዲህ እያለች ግን መጽሐፉን ዘግታ ሁለት እጇን ላዩ ላይ ጫነች፤ ውስጡ ያለው እንዳይወጣ የፈራች ትመስል ነበር።

ሁለቱም ልክ ናቸው አልኩ በሆዴ። ለፖሊስስ ምን ልንል ነው? መጽሐፍ አስፈራን? እኔ ግን የምፈልገው የሳልሃን ነገር አልነበረም። ዛሬ ማታ ይቺ ልጅ ራሷን ወደዚያ ግድግዳ አድርጋ ትተኛለች ወይስ አትተኛም፣ እሱን ነበር።

«ሆዲ»፣ ቤቶች፣ የሚል ድምፅ ከመንገዱ መጣ።

ናኩዳ ፋማው ነው። ሳይፈቀድለት የማይገባ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሁሌ ሽቶ የሚሸት ሰው ነው። በገመድ የታሰረ ዓሣ ይዟል። ለቢ ቲሜ እንደ ልጅ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠ፤ እኔንም ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ዙሁራ ካንጋዋን በጥቁር ልብሷ ሸፈነች።

«ምን እያነበባችሁ ነው?»

«ተራ ነገር ነው» አለች ናይላ።

«እስቲ ትንሽ አንብቢልኝ። ባሕር ላይ የሰው ድምፅ ይናፍቃል።» ጫማውን አውልቆ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

እምቢ ብትል ለምን ይላል። መጽሐፉን ስትከፍተው እዚያው ገጽ ላይ ተከፈተ፤ ሌላ ቦታ ለመግለጥ እጇ አልታዘዘላትም። አነበበች። አባባሉ ጋ ስትደርስ የጎደለችውን ‹ቅ› ራሷ ጨመረችበት። ፋማው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ስለ ካንጋው ሲነበብ ፊቱ አልተለወጠም። ግድግዳው ሲለሰን ከንፈሩን መጠጥ አደረገ፤ ወጥ ቀምሶ ጨው አንሷል እንደሚል ሰው።

«ደህና ይጽፋል» አለ። «አንድ ነገር ግን አያውቅም።»

«ምኑን?» አልኩት።

«ኖራውን። በማግስቱ ሰዎች ተደገፉበት ይላል። ትኩስ ኖራ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ የሁሉም ሰው ጀርባ ነጭ ይሆን ነበር። ሽታውም አለ። ለቅሶ የመጣውን የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው እንጂ እዚያ አይደለም።»

ቢ ቲሜ ልትስቅ ሞከረች። «አንተ መርከበኛ ነህ። ኖራ ከየት አወቅህ?»

«ቤቴን ራሴ ነኝ የምጠግነው፣ እናቴ።» ፈገግ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። «ዙሁራ፣ ተነሺ እንሂድ።»

የሳልሃን ለቅሶ አስታወስኩ። በፋማው ትልቅ ቤት ሁላችንንም ያስቀመጡን ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ነበር። ውስጥ ሙቀት ነው ብለውን ነበር።

ዙሁራ ልትነሣ ጉልበቷን አጠፈች። ለመታዘዝ ያደገች ልጅ ናት። የምንጎነጉነው ጥብጣብ አንዱ ጫፍ በሷ እጅ፣ አንዱ በኔ እጅ ነበር። እኔ ያዝ አደረግሁት።

«አትሄድም።»

«እንዴት?»

«ጉንጉኑ አላለቀም። በሁለት ሰው እጅ የተጀመረ ጉንጉን አንዷ ጥላው ከሄደች የሰሌኑ ባለቤት ትታመማለች። እናትህ አላስተማረችህም?»

«አስተምራኛለች» አለ። እሱም የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ሦስት ሴቶች ፊት የእናቱን ነገር አይረግጥም። «መቼ ያልቃል?»

«ሲያልቅ።»

«ቢ ሪዚኪ፣» አለኝ፣ «ግትርነትሽ እስካሁን አልለቀቀሽም።»

«ሲለቀኝ ሰው እልክልሃለሁ።»

ትንሽ ቆመ። ዙሁራ ስትነሣ ጥቁር ልብሷ ተንሸራቶ ስለነበር የካንጋዋ ጫፍ ታይቷል። እሱ መጀመሪያ ጫፉን አየ። ቀጥሎ ናይላ ጭን ላይ ያለውን መጽሐፍ አየ። ዓሣውን መደቡ ላይ በቀስታ አኖረው። መንገዱ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ለዙሁራ አንዲት ቃል አላት፣ ቀስ ብሎ፤ ባል ለሚስቱ እንደሚናገር። በመንገዱ የተጫነ አህያ እያለፈ ነበር። ከዚያ ሄደ።

ቀድማ የተናገረችው ቢ ቲሜ ናት። «እጠብቅሻለሁ ነው ያላት። ሌላ ምን ይላል?»

«‹ቅ›ን አልሰማኋትም» አለች ናይላ።

«አህያው ነው ያስቀረብሽ።»

«እኔ አልሰማኋትም፣ ቢ ቲሜ።»

ዙሁራ ወደኔ ዞረች። ጥብጣቡን አልለቀቀችም። «አክስቴ፣ አንቺስ ምን ሰማሽ?»

«ግቢና በሩን ከውስጥ ቆልፊ» አልኳት።

ናይላ መጽሐፉን ቤቷ ወስዳ ብቻዋን ጨረሰችው። መጨረሻውን አትነግረንም፤ ቋንቋው ያምራል ብቻ ትላለች። ቢ ቲሜ ሰው በከንቱ አማን እያለች ታጉረመርማለች፤ ግን ቤቷ የተደፈነውን መደርደሪያ አስከፍታ አይጥ እንጂ ሌላ እንዳልነበረበት አይታለች። ካንጋዋን አጥፌ ከመጽሐፉ ጋር እንድታስቀምጥ ለናይላ ሰጠኋት፤ አልቀበልም አለች፤ ካንጋዋ እኔው ጋ ቀረች።

ፋማው ጀልባው በተመለሰ ቁጥር ይመጣል። አይቆጣም። ዓሣ ያመጣል፤ ለድመት እንሰጠዋለን። ጥብጣባችን ተጠቅሎ ተጠቅሎ ከመደቡ በላይ ከፍ ብሏል፤ ይህን የሚያክል ሰሌን የሚነጠፍበት ቤት ላሙ ውስጥ የለም። እሱ ግን አንድም ቀን አልሳቀበትም። መንገዱ ላይ ቆሞ «ሆዲ» ይላል፤ ዙሁራ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ብረቱ ሲቆለፍ እሰማለሁ።

«አለቀ?» ይለኛል።

ዘንባባውን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ ሽቶው እስኪርቅ ቀና ሳልል፣ «ገና ነው» እላለሁ።