ዳኛው ነዳጅ የቀዳ ዕለት

ቁልፉን ሊያዞር እጁን ሲዘረጋ ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ። ናፍጣ እንዲህ አይሸትም። ናፍጣ ከባድ ነው፤ ልብስ ላይ ተኝቶ ይከርማል። ይሄኛው ቀለል ብሎ፣ ሽው ብሎ አናት ላይ የሚወጣ ነው። ሹፌሩ እጁን መለሰና መዳፉን አሸተተ።

"የፈጣሪ ያለህ!" አለ።

ሹፌሮች ይህን ሰው "ዳኛው" ያሉት በከንቱ አይደለም። ከማደያው አጥር ጥግ ባለችው ምግብ ቤት ተቀምጦ በየሹፌሩ ስህተት ላይ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ስም ማውጣት ነው። ቱቦውን ከነዳጅ ጋኑ ሳይነቅል መኪናውን አስነስቶ፣ ቱቦውን ከኋላው እየጎተተ የሄደው ሰው "ጭራው" ተባለ። የጋኑን ክዳን በየማደያው ረስቶ የሚሄደው "ክፍቱ" ሆነ። ከሁሉ የከፋው ግን ናፍጣ በሚጠጣ የጭነት መኪና ላይ ቤንዚን ሞልቶ ዳገት ላይ የቀረው ነው። "ቤንዚኑ።" ይህ ስም ከወጣለት ወዲህ እናቱ ያወጣችለትን የሚያስታውስ የለም።

ዳኛው በበኩሉ ነዳጅ ቀጂ አያምንም። "ለኔ መኪና የምቀዳው እኔ ነኝ" ይላል። ዛሬም ቀጂዋን ገለል አድርጎ ቱቦውን ራሱ አነሳ። ልጅቷ ለሥራው አዲስ ስለሆነች የቤንዚኑን ታሪክ አልሰማችም። እስኪሞላ ድረስ አጫወታት። መኪናው ዳገቱ ላይ እንዴት እንዳሳለ በድምፁ፣ ቤንዚኑ ጎማውን እንዴት በእርግጫ እንደነረተ በእግሩ ጭምር አሳያት። ልጅቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከየቱቦው በላይ ናፍጣና ቤንዚን ተብሎ በትልልቁ ተጽፏል፤ ዳኛው ግን በዚያች ሰዓት ዓይኑም ልቡም ምላሱ ላይ ነበር።

አሁን መዳፉን እያሸተተ ከመኪናው ወረደ።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" አለች ቀጂዋ።

"ያነሳሁት ቱቦ የቱ ነው?"

ልጅቷ ዞራ አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ወይኔ ጉዴ! እኔኮ እያወሩኝ… እኔን ነው የሚያባርሩኝ!"

ዳኛው ዙሪያውን ቃኘ። ያየ ያለ አይመስልም። ለመኪናው ባለቤት ደውሎ "አዲሷ ቀጂ አሳስታ ሞላችብኝ" ቢል ይታመናል። ዳኛው ይሳሳታል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? የልጅቷን ፊት ላለማየት መሬት መሬቱን ያያል።

"ቁልፉን ነክተኸዋል?"

ከኋላው ቤንዚኑ ቆሟል። ዳኛው ከሰው ሁሉ መርጦ እሱን ላክብኝ ብሎ ፈጣሪን የለመነ መሰለው።

"አልነካሁትም" አለ በቀስታ።

"እንግዲያው እግዜር ይወድሃል፤ ሞተሩ ካልተነሳ የናፍጣ ፓምፑ ተርፏል። እኔ እንዳንተ ዓይነት አፍንጫ አልታደልኩም።"

ከራሱ መኪና መፍቻና ጀሪካኖች አምጥቶ ከጋኑ ሥር በጀርባው ተንጋለለ። ዳኛው ባዶውን እያቀበለ ሙሉውን ተቀበለው። ቤንዚኑ ተንጋልሎ እንዳለ ከሚወርደው ጠብታ ጣቱን ነክሮ አሻሸው።

"አየህ እንዴት እንደሚደርቅ? ናፍጣ ቢሆን ጣትህ ላይ ይቀር ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲህ ሳላደርግ ሞልቼ አላውቅም።" ከዚያ ወደ ቀጂዋ ቀና አለ። "አይዞሽ፣ እኛ ያየነው ነገር የለም። አይደል እህቴ?"

"እኔ ምን አይቼ?" አለች እፎይ ብላ።

ዳኛው ግን እፎይ አላለም። "ለምንድነው የማትናገርብኝ? እኔ ባገኝህ ኖሮ…"

"አንተማ እስካሁን ስም አውጥተህልኝ ነበር!" ቤንዚኑ ከመኪናው ሥር ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። "ሰሞኑን ጎረቤታችን ትንሹን ልጄን 'የማን ልጅ ነህ?' ብትለው 'የቤንዚኑ' አላት። እየሳቀ። ስድብ መሆኑን አያውቅማ። ሲያውቅ ምን እንደምለው ግን ቸግሮኛል።"

ዳኛው የሞላውን ጀሪካን ከድኖ ወደ ጎን አስቀመጠው። ጋኑስ ይኸው ከሥር ተከፍቶ ተንጠፈጠፈ፤ ስም በየት በኩል ይከፈታል?

ሲጨርሱ ልጅቷን ጠራት። "የመጣው ቢመጣ አንቺ ቱቦውን አልነካሽም። እኔ ነኝ የቀዳሁት። የመኪናውንም ባለቤት አሁን እነግረዋለሁ።" እዚያው ቆሞ ደወለ። ባለቤቱ ደጋግሞ ጮኸ። ዳኛው "ልክ ነህ" ብቻ ይላል።

ወደ ምግብ ቤቱ አብረው ሄዱ። የውሃው ቧንቧ በሩ ላይ ነው። ቤንዚኑ እጁን በሳሙና ፈትጎ ታጠበ። ዳኛው ቧንቧውን አየውና ሳይታጠብ አለፈ።

ሹፌሮቹ ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጭራው ገና ከበሩ ላይ ሲያያቸው እጁን አውለበለበ።

"ቤንዚኑ! ና እንጂ፣ ምን ያንቀራፍፍሃል?"

"አቤት!" አለ ዳኛው።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። "አንተን ማን ጠራህ?" አለው ጭራው።

ዳኛው ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። መዳፉን ከጭራው አፍንጫ ሥር አስጠጋ።

"እስቲ አሽት" አለው።