ለእማዬ የቀለለ ምሳ

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤታችን በመጣች ቁጥር ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፉትን ካርዶች እያየች ታደንቀኛለች። «አንቺ እኮ ዘዴኛ ነሽ፤ ለሥራ የሚሮጥ ሰው እንዲህ ነው ልጆቹን የሚያበላ» ብላ አንድ ቀን በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸው። ሰኞ ፓስታ፣ ማክሰኞ ምስር ሾርባ፣ ረቡዕ ድንችና እንቁላል፣ ሐሙስ ሩዝ በካሮት፣ ዓርብ ከሳምንቱ የተረፈው። ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጅ አንድም የለበትም።  ካርዶቹን የጻፍኳቸው ለእናቴ መሆኑን ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም።

እናቴ ምግብ አሠራር የሚጻፍላት ሰው አልነበረችም። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ሆና ሠርታለች። ጨው የተከለከለውን፣ ስኳር የተከለከለውን፣ ጥርስ የሌለውን፣ ትናንት ሆዱን የተቀደደውን፣ ሦስት መቶ በሽተኛ ከነአልጋ ቁጥሩ በቃሏ ይዛ ታበላ ነበር። እኔንም ማብሰል ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ያ ማስተማር ከተባለ። ሽንኩርቱን ትንሽ ካሳረርኩ «ተይው በቃ፤ ሰው እኮ ነው የሚበላው» ትለኝና እንደገና ከመላጥ ታስጀምረኛለች። ዛሬም ሽንኩርት በጠበስኩ ቁጥር ትከሻዬን ቀና አደርጋለሁ።

ባሌ የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ በወር ስምንት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። እኔ መነጽር ቤት መስታወት እሞርዳለሁ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከማሽኑ ፊት ንቅንቅ የለም። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በየነገሩ ፍርድ ስለምትሰጥ ዳኛዋ እንላታለን። ትንሹ ሦስት ሊሞላው ነው፤ ጉንጩን ያየ ሁሉ ጠብደሌ ይለዋል። ጠብደሌን ቀኑን ሙሉ፣ ዳኛዋን ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ከመጣች ጀምሮ የምትይዝልኝ እናቴ ናት። እሷ ካልቻለች እኔ ሥራ የለኝም፤ እኔ ሥራ ከሌለኝ ይህ ቤት አይቆምም።

ነገሩ የጀመረው በጨው ነው። አንድ ቀን ሾርባው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨመረችበት። በማግስቱ ጭራሽ አልጨመረችም። «የትናንቱን ዛሬ አካክሼዋለሁ» አለችና ሁላችንም ሳቅን። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ነው። ከዚያ ድንቹን ልጣ መቀቀሉን ረሳች፤ ሌላ ቀን ቀቅላ ማቅረቡን። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ እሷን በአክብሮት ሲያጫውታት ቆየና እኔን ለብቻዬ ጠርቶ የበሽታውን ስም ነገረኝ። «የለመዱትን ሥራ አታስጥያቸው፤ ምድጃ አጠገብ ግን ብቻቸውን አይሁኑ» አለኝ። ሁለቱን እንዴት አድርጌ እንደማስታርቃቸው ግን አልነገረኝም።

ካርዶቹን የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። የመነጽር መስታወት የሚመጣበት ካርቶን ውስጡ ነጭ ነው፤ ከሥራ ቦታ ቆራርጬ አመጣሁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናቴ ስለጥፍ አይታኝ።

«ለራሴ ነው እማዬ። የትኛውን ቀን ምን እንደምንበላ እየረሳሁ ተቸገርኩ።»

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለችኝ። ከዚያ ማጣበቂያውን ከእጄ ተቀብላ የቀሩትን ራሷ ለጠፈቻቸው።

የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ዐሥር ዐሥር መስመር ነበራቸው። የቢላዋው ስለት ሲያሰጋኝ ሽንኩርቱን ጠዋት ከትፌ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ሁለት መስመር ቀነሰ። ስጎውን እሑድ እሑድ ለሳምንቱ ሠርቼ በየዕቃው አደረግኩት፤ ሌላ ሦስት ቀነሰ። መለኪያው ሲምታታባት ድስቱ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመርኩላት። በአምስት ወር ውስጥ ካርዶቹ ሦስት ሦስት መስመር ሆኑ፤ ውኃ እስከ ቀዩ፣ ፓስታውን ጨምሪ፣ እሳቱን አጥፊ። ሦስት መቶ ሰው ታበላ ለነበረች ሴት «ውኃ እስከ ቀዩ» ብሎ የመጻፍን እፍረት ለማንም አልመኝም። ግን ልጆቹ ይበላሉ፤ እሷም «ዛሬ ምን ሠራሁላቸው መሰለሽ» እያለች በር ላይ ትቀበለኛለች። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ለልጆቹም ሕግ አውጥቼ ነበር። ለእማማ፣ እናቴን እንደሚጠሯት፣ «ረስተሻል» አይባልም። «ቅድም ሠርተሽዋል» አይባልም። የሰጠቻችሁን ተቀብላችሁ «እጅሽ ይባረክ» ነው የሚባለው። ሕጉ የመጣው ጠብደሌ አንድ ቀን «እማማ ረሳች፣ ረሳች» እያለ ሲጨፍርባት እናቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ስለዘጋች ነው። ስትወጣ ዐይኗ ቀልቶ ነበር። ጠብደሌ ሕጉን በዚያው ቀን ረሳው፤ ዳኛዋ ግን አልረሳችውም።

ባለፈው ማክሰኞ የማሽኔ ቀበቶ ተበጥሶ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ዳኛዋ ምድጃው ፊት በርጩማ ላይ ቆማለች፤ እናቴ ከኋላዋ ሆና እንዳትወድቅ ቀሚሷን ይዛታለች።

«ሦስተኛው ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«እሳቱን አጥፊ ይላል።»

«እሺ፣ አጥፊ።»

ልጄ እጇን በሚንተከተከው ድስት ሥር አሳልፋ ቁልፉን አዞረችው።  ብጮህ ደንግጣ ድስቱን ትደፋዋለች ብዬ በር ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ከበርጩማው ስትወርድ ነው እጇን ይዤ ወደ መኝታ ቤት የወሰድኳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አንቺ የምታበስይው?»

«አላበሰልኩም። እማማ ናት ያበሰለችው። እኔ አነብላታለሁ እንጂ።»

«እሷ ለምን አታነበውም?»

«ፊደሎቹ ይሸሹኛል አለች። እኔ ደግሞ ማንበብ ችያለሁ።»

«እሳቱንስ?»

«እሳቱን ስታጠፋ ሌላኛውን ታበራዋለች» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንዳትነግሯት ብለሽ የለ?»

የእጅጌዋን ጫፍ ሰበሰብኩት። አንጓዋ ላይ ጣት የሚያህል፣ መድረቅ የጀመረ ቃጠሎ አለ። «ይሄስ?» አልኳት። «እሱ የድሮ ነው» አለችኝ። የሷ ድሮ ያለፈው ሳምንት ነው። ጠብደሌ መጥቶ ጉልበቴ ላይ እየወጣ «ሁለቴ በላን» ብሎ ሁለት ጣቱን አሳየኝ። እናቴ ምሳውን ሠርታ ታበላቸውና ረስታው እንደገና ትሠራላቸዋለች፤ እነሱም በሕጉ መሠረት እጅሽ ይባረክ ብለው ይበላሉ። ልጁ ለምን እንደጠበደለ ያኔ ገባኝ። መሳቅ አማረኝ፤ የመጣው ግን እንባ ነው።

ባሌ ጋ ደውዬ ያየሁትን ነገርኩት። ከኋላው የሞተሩ ድምፅ ይሰማል።

«እህትሽስ አትይዝልንም?»

«የራሷ ሦስት ልጆች አሏት።»

«ሰው እንፈልግ።»

«እስኪገኝስ? ነገ ረቡዕ ነው።»

 «መኪናዋን አቁሜ ልምጣ?» አለ በመጨረሻ። የጫነው ዕቃ የሚራገፈው ከሦስት ቀን በኋላ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አለቃዬም የጠየቅኩትን ፈቃድ ከወሩ መጨረሻ በፊት አይሆንም ብሎኛል። ልብስ ሰፊዋን ለመለመን ሄጄ በሯ ተቆልፎ አገኘሁት፤ ለሳምንት ዘመድ ጥየቃ ወጥታለች አሉኝ። ወደየትም ዞሬ መላው ጠፋኝ።

ረቡዕ ጠዋት የጋዝ ሲሊንደሩን ሬጉሌተር፣ ያለ እሱ ምድጃው የማይበራውን፣ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦና ካሮት በሁለት ዕቃ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚህ የቀለለ ምሳ የለም።

«ከትምህርት ቤት ስትመጪ ዕቃውን አውጪና ብሉ» አልኳት ለዳኛዋ።

«እማማ ልሥራ ካለችስ?»

«ምድጃው ተበላሽቷል በያት።»

«አልተበላሸም እኮ።»

«ተበላሽቷል አልኩሽ።»

በሐሰት እንደመሰከረ ሰው አየችኝ። እናቴ ሽርጧን አስራ መጣችና ዛሬ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። «ዛሬ ዕረፊ እማዬ» አልኳት። «ደከመኝ መቼ አልኩ» አለች፤ ግን አልተከራከረችኝም።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ደወልኩ። ያነሳችው እናቴ ናት። «ልጆቹ በሉ?» አልኳት። «እየሠራሁላቸው ነው» አለችኝ። ዳኛዋን አቅርቢልኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቦርሳዬን ዳበስኩ፤ ሬጉሌተሩ እዚያው አለ። እሳት ከሌለ ምን ይመጣል፣ የምትለው የልማዷን ነው፣ ልጆቹ ዳቧቸውን በልተዋል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከሰዓት በኋላ ሰባት ጥንድ መስታወት ሞረድኩ፤ ከሳምንታት ወዲህ እንደዚያ ቀን ልቤ ተረጋግቶ አያውቅም።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩን ስከፍት ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጆቹ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሳህናቸውና ማንኪያቸው ፊታቸው ተደርድሯል፤ ሁለቱም ሳህኖች ንጹሕ ናቸው። ጠብደሌ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ሲያለቅስ መቆየቱን ከፊቱ ያስታውቃል። ዳኛዋ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እናቴ ቀዝቃዛው ምድጃ ፊት ቆማ ድስት ታማስላለች። ድስቱ ውስጥ እስከ ቀዩ መስመር ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ሩዝ፣ ሩዙ ላይ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን የተቆረጠ ካሮት አለ።

«ለምን አልበላችሁም?» አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዕቃውን አወጣሁት» አለች ዳኛዋ። «እማማ ቀዝቃዛ ለልጅ አይሰጥም፣ ትኩስ እሠራላችኋለሁ ብላ መለሰችው። ምድጃው ተበላሽቷል አልኳት። አይታ ደህና ነው አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ትንሽ ጠብቁ አለችን።» ከንፈሯን ላሰች። «ሌላ ነገር ማለት አይፈቀድም ብለሻል።»

ስድስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት እያልኩ በልቤ ቆጠርኩ። የምቆጣው ሰው ፈለግኩና አጣሁ።

እናቴ ዞር አለች። የምታማስልበትን ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ይዛዋለች።

«መጣሽ ልጄ? እንኳን መጣሽ» አለችኝ። «ዛሬ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ። ከቀትር ጀምሮ አልተላቀቅኩትም። ልጆቹን በረኃብ ፈጀኋቸው።» ድስቱ ውስጥ ተመለከተች፤ ከዚያ ፍሪጁን፣ ካርዶቹን፣ እንደገና ድስቱን። ሆስፒታል እያለች አዲስ የመጣን ረዳት እንደምትጠይቀው ዓይነት ሳይሆን፣ አዲስ ረዳት እሷን እንደሚጠይቃት ዓይነት አየችኝ።

«አንድ የረሳሁት ነገር አለ አይደል?» አለችኝ። «እነዚህ ልጆች ያውቁታል፤ ግን አይነግሩኝም። አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ ምንድን ነው የረሳሁት?»

ቦርሳዬ ከነሬጉሌተሩ ትከሻዬ ላይ ነው። ዳኛዋ ከወንበሯ ቀና ብላ ምን እንደምመልስ ትጠብቃለች።

«ምንም አልረሳሽም እማዬ» አልኩና ቦርሳዬን ሳላወርድ ማማሰያውን ተቀበልኳት።