ክብ ማህተም የሌለው ዩኒቨርሲቲ

እኔ ማህተም እመታለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነው። ሐረር ውስጥ ያለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ የሚገባ ደብዳቤ በእኔ እጅ ይገባል፣ የሚወጣም በእኔ እጅ ይወጣል። ክቡ ማህተም የሚያድረው በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የመሳቢያው ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በዚሁ በማህተም ምክንያት ጨጓራዬ እንዴት እንደተላጠ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። አዲስ መዋቅር መጣ ተባለና ለስብሰባ ተጠራን። የሰው ሀብት ኃላፊያችን አቶ አበበ መነጽራቸውን እንደ ልማዳቸው ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ በቃላቸው ነገሩን። የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ከእንግዲህ ዲግሪ ይጠይቃል። ዲግሪ የሌለው ሰው እውቅና ባለው ተቋም ትምህርት መጀመሩን እስከ ሰኔ ሠላሳ በማስረጃ ያቅርብ። ያላቀረበ ደረጃው ዝቅ ብሎ ከከተማው ውጭ ድሬ ጠያራ ወዳለው ቅርንጫፍ ይዛወራል።

እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ድሬ ጠያራን ንቄ አይደለም፤ ደጋግ ሰዎች ያሉበት አገር ነው። ግን ሃያ ዓመት ያደራጀሁትን ክፍል፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ቤት፣ ትናንት ለመጣ ሰው አስረክቤ በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደገና ከታች ልጀምር?

ለምን እስከ ዛሬ አልተማርሽም ትሉኝ ይሆናል። ተምሬ ነበር። ሁለት ዓመት በርቀት፣ ሞጁል ተሸክሜ፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ኮረብታ ቁልቁል እየወረድኩ ቅዳሜና እሁድን ስማር ቆይቼ፣ አንድ ቅዳሜ ብሄድ ኮሌጁ እውቅና የለውም ተብሎ በሩ ታሽጓል። ሞጁሎቹ አሁንም አልጋዬ ሥር አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እውቅና አለኝ የሚለኝን ሁሉ ራሴ ሳላጣራ እንዳላምን ማልኩ።

በግንቦት መጀመሪያ ዮሴፍ መጣልኝ። ዮሴፍ ግዢ ክፍል የሚሠራ ባልደረባዬ ነው፤ እንደ እኔው ዲፕሎማ ነው፣ እንደ እኔው ጭንቅ ውስጥ ነው።

«ገሊ፣ ተገላገልን» አለኝ። «በኢንተርኔት የሚያስተምር የውጭ ዩኒቨርሲቲ አገኘሁ። ርካሽ ነው፣ ፈተናውም ቀላል ነው አሉ፣ በአንድ ዓመት ያልቃል።»

በአንድ ዓመት ያልቃል ሲለኝ ጆሮዬ ቆመ። አድራሻውን ተቀብዬ በምሳ ሰዓት ሸዋ በር ዋፊቃ ጋ ሄድኩ። ዋፊቃ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ኢንተርኔትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ የመሥሪያ ቤታችን ማሽን ሲበላሽ ሁሌም የምሮጠው ወደ እሷ ስለሆነ ወዳጄ ናት።

ገጹ ሲከፈት ወርቅ በወርቅ ነው። አርማው ወርቅ፣ የሕንፃው በር ወርቅ፣ ካባ የለበሱት ተማሪዎች ጥርሳቸው ሁሉ ያበራል። «ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው» የሚል ቃል በየመስመሩ አለ። እውቅናውን ማን ሰጠው ብዬ ስፈልግ የአንድ ምክር ቤት ስም አገኘሁ። ምክር ቤቱም የራሱ ገጽ አለው። ሃያ ዓመት ደብዳቤ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግርጌውን ነው፤ የማን ስልክ፣ የማን አድራሻ ነው ብሎ። የምክር ቤቱን ስልክ አየሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስልክ አየሁ። ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው አንድ ነው።

«ዋፊቃ፣ ነይ እስቲ እይልኝ፣ ዓይኔ ነው?»

ጎንበስ ብላ አየችና «ያ አላህ» አለች። «ሰውየው እኮ ለራሱ ራሱ ነው ምስክር የቆመው። ተይው አቦ፣ ሌላ እንፈልጋለን።»

ሁለቱንም ገጽ አሳትሜ ለዮሴፍ አሳየሁት። «ቢሮ ተጋርተው ይሆናላ» አለኝ። «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ።» ነገር አበዛለሁ። እሺ።

ሌላ መፈለግ በአፍ ቀላል ነው። አንድ ቀን መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይጠፋል። ሁለቱም ሲገናኙ ደግሞ የተማሪዎች ፈተና ነው ተብሎ ኢንተርኔቱ ከነጭራሹ ተዘጋ። ጊዜው እየሮጠ እኔ ሸዋ በር ቆሜ የሚኒባስ ረዳት ሲጮህ እሰማለሁ። በንዴት ብዛት እቤት ገብቼ ምሳ የማልበላበት ቀን በዛ።

ፈተናው አልፎ ሲከፈት ግን ሌላ የውጭ ዩኒቨርሲቲ አገኘሁ። ገጹ ድሃ ነው፤ ወርቅ የለው፣ ካባ የለው፣ ጽሑፍ ብቻ። ክፍያውም ትንሽ ነው፣ ዲግሪው ግን አራት ዓመት ይፈጃል። አራት ዓመት ሲል ይኼ እውነተኛ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። እውቅና የሰጠውን አካል ስም ጽፏል፤ ያንን አካል ፈለግሁ፣ ስልኩ ሌላ፣ አድራሻው ሌላ። አካሉንስ ማን ያውቀዋል ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ያለበት አገር ትምህርት ሚኒስቴር ማንም ሰው እንዲያየው ካስቀመጠው መዝገብ ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ከተማው፣ እውቅናው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና ተጽፎ አገኘሁ። እውነት ለመናገር እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ወላሂ ደክመሽበታል» አለች ዋፊቃ፣ አትማ ሰጠችኝ። ተመዘገብኩ። የመዝገቡን ወረቀትና የምዝገባ ማረጋገጫዬን ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤ አቶ አበበ ጋ ገባሁ።

አቶ አበበ ወረቀቱን አገላብጠው መለሱልኝ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው።

«ማህተሙ የታለ?»

«ከኢንተርኔት የወጣ ነው፣ አቶ አበበ። የአገሩ መንግሥት መዝገብ ነው። እዚህ ላይ አድራሻው አለ፣ ሲከፍቱት ያዩታል።»

«ከኢንተርኔት ማንም ያወጣል። ክብ ማህተም ያለው ደብዳቤ አምጪ።»

ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን በትሕትና መለሱልኝ፤ ማህተም ያለው ደብዳቤ አንሰጥም፣ አሠሪዎ ከመንግሥት መዝገቡ ላይ ራሱ ማረጋገጥ ይችላል ይላል። ይህንንም አትሜ ወሰድኩ።

«ማህተም የሌለው ምን ዓይነት ዩኒቨርሲቲ ነው?» አሉኝ። «ቀበሌ እንኳ አለው።»

ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ። ዘጠኝ ጊዜ ያቺኑ መዝገብ የምትል ቃል ነገርኳቸው፣ ዘጠኝ ጊዜ ማህተም አሉኝ። ማህተም የምመታዋ ሴትዮ ለማህተም እግሬ ቀጠነ።

በሰኔ ሃያ አንድ የዮሴፍ ደብዳቤ ከውጭ አገር መጣ። ያው ወርቃማው ዩኒቨርሲቲ ነው የላከለት። ወረቀቱ ወፍራም፣ ቀይ ክብ ማህተም፣ ከጎኑ ሰማያዊ ክብ ማህተም፣ ከሥር ጥብጣብ የተንጠለጠለበት ወርቃማ ነገር። አቶ አበበ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩት፣ ከጎረቤት ቢሮ ሰው ጠርተው አሳዩ። ወዲያው «ተቀባይነት አለው» ብለው ፈርመው ለፋይል ወደ እኔ መሩት። በገዛ እጄ ቁጥር ሰጥቼ፣ በገዛ እጄ የዮሴፍ ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ጠዋት አቶ አበበ ራሳቸው መዝገብ ቤት መጡ። በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል።

«ገላነሽ፣ እነዚህ የማህሌት ማስረጃዎች ናቸው፤ ይኸው ዋናው፣ ይኸው ኮፒው። ከዋናው ጋር የተመሳከረ ብለሽ ምቺልኝ። ዮሴፍ የገባበት ዩኒቨርሲቲ ላስመዘግባት ነው።»

ማህሌት ልጃቸው ናት። ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመጣ አባቷን የምትጠብቀው እኔ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። ጎበዝ ናት። ዝም ልበል አልኩ መጀመሪያ፤ ነገ ሰኔ ሠላሳ ነው፣ የእኔ ጉዳይ በእኚህ ሰው እጅ ነው። ቁልፌን አውጥቼ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ማህተሙን ያዝኩ። ከዚያ አልጋዬ ሥር ያሉት ሞጁሎች ትዝ አሉኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ።

«እዚያ አያስገቧት» አልኩ።

«ለምን? ማህተሙን አላየሽውም?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ከፊቴ ካለው ክምር አንድ ባዶ ወረቀት ሳብኩና ክቡን ማህተም መታሁበት። አንድ ጊዜ አልበቃኝም፣ ሦስት ጊዜ መታሁት። ለአቶ አበበ ሰጠኋቸው።

«ይኸው፣ የፈለጉትን ይጻፉበት። ማህሌት ዶክተር ናት ይበሉ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ሄደው በሩን ዘጉት። «ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ? ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም? ይህ እኮ ያሳስራል።»

«ያሳስራል። የዮሴፍን ደብዳቤ የላከውን ግን ማን ያስረዋል? ዩኒቨርሲቲው ራሱ፣ እውቅና ሰጪው ራሱ፣ ስልክ የሚያነሳው ራሱ።» የዮሴፍን ፋይል አወጣሁ፣ ያሳተምኩትን የምክር ቤቱን ገጽ ከጎኑ አደረግሁ። «ግርጌውን ያንብቡ። ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ ማህሌት ያንብቡ።»

አቶ አበበ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን ሲያደርጉ ያየሁት ጥቂት ቀን ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ በለሆሳስ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ማህተም የመታሁበትን ባዶ ወረቀት ብጭቅጭቅ አድርገው ቀደዱና ቅርጫቱን አላምን ብለው ኪሳቸው ከተቱት። የልጃቸውንም ማስረጃ ሰብስበው ያዙ።

«ይህ ፋይል እዚሁ ይቆይ፣ ዮሴፍን እኔ እጠራዋለሁ» አሉ። «ያንቺን አምጪ እስቲ።»

አመጣሁ። ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ይህ የአገሩ ትምህርት ሚኒስቴር መዝገብ ነው እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

አፌ ድረስ የመጣውን ነገር እግዜር ያውቃል። ዘጠኙን ቀን በቀን ልቆጥርላቸው ነበር። ግን ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ነው፣ እስክሪብቶው በእጃቸው ነው። «ረስቼው ይሆናል፣ አቶ አበበ» አልኩ።

ማመልከቻዬ ጥግ ላይ «ተቀባይነት አለው» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ልቤ መለስ አለ። ወረቀቱን ሊሰጡኝ ሲሉ እንደገና ወደ ራሳቸው መለሱት፣ ከፊርማቸው በታች አንድ መስመር ጨመሩና አቀበሉኝ።

«ለመዝገብ ቤት» ይላል። «ክብ ማህተም ይመታበት።»