ቅዳሜ የማትነቃነቀው ነጥብ

«እህል ቅመሺ እንጂ፣ ሦስት ቀንሽ እኮ ነው!» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ ሳህን ይዘው። እታገኝ አልሰማቻቸውም። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች የሟች ልጇን ስልክ ቻርጅ ላይ ሰካች።

«እዩት፣ ቤት ነው ይላል» አለች የራሷን ስልክ እያሳየች። ካርታው ላይ ናዖድ የሚል ስም ያላት ሰማያዊ ነጥብ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ያለው አፓርትመንታቸው ላይ ቁጭ ብላለች። «ያን ቅዳሜም እንዲህ እያየሁ፣ ቸርች ነው፣ ኳየር ልምምድ ላይ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ወጥ እሠራለሁ። ግማሽ ሰዓት ቀደም ተብሎ ቢደወል ይተርፍ ነበር አሉኝ ሐኪሞቹ። በምን ይደወል? ስልኩ ቸርች ነዋ!»

በሩ ሥር፣ ጫማ ከተከመረበት አጠገብ፣ ዮዳሄ ተቀምጣለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ናዖድ ኮረብታው ላይ ሲወድቅ አብራው የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ስልኮቻችንን ቸርች ትተን እንሂድ ያለው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን የጠየቃት የለም።

ወይዘሮ ብርነሽ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው፣ «እናቱን ዋሽቶ እኮ ነው የሞተው» አሉ። ሹክሹክታ መስሏቸዋል እንጂ ቤቱ በሙሉ ሰማ። ሊያጽናኑ የመጡ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ።

ናዖድን ድምፁ አያምርም ብለው ኳየሩ ውስጥ ከመዘምራኑ ኋላ፣ ዮዳሄ አጠገብ አቁመውት ነበር። ኋላ የሚቆም ልጅ ቢቀር ልብ የሚል የለም። አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ሹልክ ብለው በባቡር ካስትሮ ቫሊ ሄዱና ከከተማው በላይ ያለውን ኮረብታ በስኒከር ወጡት። አናቱ ላይ ናዖድ እያለከለከ፣ በዚያው በተናቀ ድምፁ፣ ለሚግጡት ላሞች ዘመረ። አንዷ ቀና ብላ አየችው። «ሺ ላይክስ ሚ! ወደደችኝ!» ብሎ ጮኸ። ዮዳሄ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አላመለጣቸውም።

ወላጆቻቸው ያሉበትን ሎኬሽን በስልክ ስለሚያዩ፣ ስልኮቹን ቸርች መሳቢያ ውስጥ ትቶ የመሄዱን ሐሳብ ያመጣችው ዮዳሄ ናት። ናዖድ ፈራ። «ዶንት ቢ ኤ ቤቢ» አለችው።

በስድስተኛው ቅዳሜ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ አንሸራትቶ ገደል ውስጥ ጣለው። እርዳታ ፍለጋ ትታው ስትሮጥ በሕይወት ነበር። መኪና መንገድ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ፈጀባት።

«አንቲ እታገኝ» ብላ ተነሣች። «እሱ አይደለም። ኢት ዋዝ ማይ አይዲያ። ስልክህን ተወው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ኖ ነው ያለው።»

እታገኝ አልጮኸችም። ስልኩን ከቻርጀሩ ነቅላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ነይ።»

ዮዳሄ ሄዳ ፊቷ ተንበረከከች። እታገኝ ስልኩን የልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችባት።

«ከእጅሽ እንዳይለይ። ስኩል ስትሄጂ፣ ስትተኚ፣ ስታገቢም። ቻርጁ እንዳያልቅ፤ አያለሁ።»

«አንቲ፣ ፕሊስ...»

«ቅዳሜ ቅዳሜም ኮረብታው ትወስጂዋለሽ። ልጄ የሚወደውን እንዳታስቀሪበት። በይ ሂጂ አሁን።»

ዮዳሄ ከክምሩ ጫማዋን ፈልጋ ማሰሪያውን ሳታስር ወጣች። ወይዘሮ ብርነሽ ውኃ ይዘው መጡ፤ እታገኝ አልተቀበለቻቸውም። የራሷን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከቤቱ ወጥታ መንገዱን ይዛ የምትሄደውን ነጥብ በጣቷ መከተል ጀመረች።