የብሎኬት ጉልበት

ሐኪሙ የጉልበቷን የኤምአርአይ ፊልም መብራቱ ላይ ሰክቶ ብዙ ሲያየው ቆየና፣ "ጅማቱ ተበጥሷል" አላት። "ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል። ኳሱን ለአንድ ዓመት ያህል እርሺው። ከዚያ በኋላም ቢሆን አይተን ነው።"

"አይተን ነው ማለት ምን ማለት ነው?"

"አይተን ነው ማለት አይተን ነው፣ እህቴ።"

ይህ የሆነው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኮሌጁ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የውድድር ዘመኑን መዝጊያ የሚያከብርበት፣ ተጫዋቾቹም የሚሸለሙበት ዝግጅት ነበር። ልጅቷ ከክሊኒኩ ወጥታ ዶርም ገባች። ፊልሙን ፍራሹ ስር ከተተች፣ ጉልበቷን በፋሻ ጥፍር አድርጋ አሰረች፣ ከላይ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የሚወርድ ቀሚስ ለበሰች። ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ ቀሚስ ለብሳ ያያት ሰው ስላልነበረ የዶርም ልጆች፣ "ሽማግሌ ተላከ እንዴ?" ብለው ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች። መሳቅ መልስ ከመስጠት ይቀላል።

ብሎኬት ነው የሚሏት። መሃል ተከላካይ ናት። ስሙ የወጣላት ገና አንደኛ ዓመት እያለች፣ አንዲት የተጋጣሚ አጥቂ እየበረረች መጥታ ተላተመችባትና ወደ ኋላዋ ተዘርራ፣ "ይቺ ሰው ናት ብሎኬት?" ያለች ዕለት ነው። በዚያው ቀረ። ከጎኗ የምትጫወተው ደግሞ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ብሎኬት ካለ ማያያዣ መኖር አለበት ተብሎ ሲሚንቶ ተባለች። ሁለቱ ልምምድ አብረው፣ ላይብረሪ አብረው፣ ቢጫ ካርድ እንኳ ተከታትለው ነው የሚያዩት።

ሲሚንቶም ብትሆን የጉልበቱን ነገር አታውቅም። ከጥቂት ቀናት በፊት የዋንጫው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል፣ ብሎኬት ለቴስታ ዘልላ ስታርፍ ጉልበቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማት። አሰልጣኟ ከዳር ሆና "ምን ሆንሽ?" ብላ ስትጮህ፣ "ክራምፕ ነው!" ብላ መለሰችና የመጨረሻው ፊሽካ እስኪነፋ እግሯን እየጎተተች ተጫወተች። አሸነፉ። ዋንጫውን ይዘው ሲጨፍሩ እሷ ሣሩ ላይ ተዘርግታ ነበር። ደስታ ነው የጣላት ብለው ላይዋ ላይ ተከመሩባት።

ነገሩን ያከበደው ከአንድ ትልቅ ክለብ መልማይ ትመጣለች መባሉ ነው። አሰልጣኟ ባለፈው ሳምንት ለብቻዋ ጠርታ፣ "ሴትዮዋ የምትመጣው አንቺን ብላ ነው። መሃል ተከላካይ ይፈልጋሉ። ከሽልማቱ በኋላ ታናግርሻለች" ብላታለች። ብሎኬት ያንኑ ቀን ለአባቷ ደውላ ነገረችው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። ለእሱ የነገሩት ወሬ በማግስቱ ፂም ሊላጭ የገባውን ሁሉ አዳርሶ ይወጣል። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ፈርማለች ብሎ ጨርሶ ነበር።

ዝግጅቱ የነበረው ካፍቴሪያው ውስጥ ነው። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ፊኛዎቹን አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ካለው ማራገቢያ ጋር አስሯቸው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሳያውቅ ማራገቢያውን ከፍቶት፣ ከሰው አናት በላይ ቀስ እያሉ ይዞራሉ። ሽልማቶቹ የምግብ ትሪ የሚገፋበት ጋሪ ላይ ተደርድረው በቡድኑ መለያ ተሸፍነዋል።

አባቷ ኮቱን ለብሶ፣ ሽቶውን አርከፍክፎ፣ የፊተኛውን ረድፍ ይዞ ጠበቃት። ከጎኑ ተቀመጠች። ጉልበቷ ሲታጠፍ እሳት የነካት ያህል ሆነባትና ተነሣች። ውሃ ልትጠጣ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፣ ሰው ሊያልፍ ሲል ሰበሰበችው፣ እንደገና ተነሣች።

"ምን ሆነሽ ነው የምትቅበጠበጪው? ወንበሩ ላይ እሾህ አለ?" አላት አባቷ።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ…"

"ቆይ፣ ቆይ። ያቺ ናት ሴትዮዋ? ባለ ሰማያዊ ሹራቧ? ቀና ብለሽ ቁሚ፣ ወደዚህ እያየች ነው!"

ትታው ወደ አሰልጣኟ ሄደች። አሰልጣኟ ማይክሮፎኑን በመዳፏ እየመታች፣ በሌላ እጇ ስልክ ይዛ ትጮኻለች።

"ኮች፣ አንዴ ላናግርሽ።"

"ካለቀ በኋላ።"

"አሁን ይሻላል።"

"ብሎኬት፣ ዲኑ በር ላይ ደርሰዋል፣ ማይኩ ያፏጫል፣ ኬኩ ላይ የቡድኑን ስም አሳስተው ጽፈውታል። የሞተ ሰው አለ?"

"የሞተስ የለም።"

"እንግዲያው ካለቀ በኋላ።"

ስትመለስ ሲሚንቶ መንገዷ ላይ ቆማ ነበር። "ለምንድን ነው የምታነክሽው?" አለቻት።

"ጫማው ነው።"

ሲሚንቶ ዝቅ ብላ እግሯን አየች። ብሎኬት ያደረገችው የዶርም ሸበጥ ነው። ሲሚንቶ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ቦታዋ ሄደች።

ዲኑ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ስለ ጤናማ ዜጋ፣ ስለ ቡድን መንፈስ፣ ቆይተው ደግሞ ስለ ራሳቸው የወጣትነት ዘመን። ብሎኬት አንድም ቃል አልሰማችም። አንድ ሐሳብ መጥቶባት፣ ልታባርረውም አልቻለችም። ዝም ብትልስ? ዛሬ "እሺ" ብላ ብትጨባበጥ፣ በኋላ ክለቡ ውስጥ ገብታ ልምምድ ላይ ተጎዳሁ ብትልስ? ማን ያውቃል? ፊልሙ ፍራሽ ስር ነው። ሐኪሙ እግር ኳስ የሚያይ ሰው አይመስልም። ሐሳቡ ጣፈጣት፣ ወዲያው ደግሞ አስጠላት። ለመነሣት ስትል አባቷ ቀሚሷን ጎትቶ አስቀመጣት።

ከዲኑ በኋላ መድረኩን የቡድኑ በረኛ ተረከበች። አፏ ስለት ነው። "ዓመቱን ሙሉ አውቶቡስ ሲያመልጣት የኖረችው!" ብላ አንዷን ጠራች። "ከዳኛ ጋር ከፍቅረኛዋ የበለጠ ያወራችው!" ብላ ሌላዋን። የቡድኑ ልማድ አለ፤ ሽልማት የተቀበለች ልጅ መድረኩ ላይ ኳስ ይወረወርላታል፣ መሬት ሳታስነካ በእግሯ ታነጥራለች፣ አዳራሹ እየጮኸ ይቆጥርላታል። ሲሚንቶ ተጠራች። "በዓመቱ ውስጥ የተናገረችው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ መልእክት የማይሞላው!" ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሲሚንቶ ቀላ ብላ ወጣችና ኳሱን ከእግር ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ትከሻ እያደረገች ቆጣሪዎቹን አደከመቻቸው።

ብሎኬት አሁን ነው የገባት፤ ተራዋ ሲደርስ እሷም ማንጠር አለባት።

"የመጨረሻው!" አለች በረኛዋ። "የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች! ግድግዳችን! ብሎኬት!"

አባቷ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየቀረጸ ተነሣ። ብሎኬት የመድረኩን ደረጃ በአንድ እግሯ እየቀደመች፣ ሌላውን እያስከተለች ወጣች። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችው ሴትዮ ወንበሯ ላይ ወደፊት ጠጋ አለች። ከኋላ ኳሱ ተወረወረና ብሎኬት በእጇ ያዘችው።

"አንጥሪ! አንጥሪ! አንጥሪ!"

"አልችልም" አለች ወደ ማይክሮፎኑ።

"ዛሬ ደግሞ ዓይን አፋር ሆነች!" አለች አንዷ። ሳቁ።

ብሎኬት የአባቷን ስልክ አየች። ከስልኩ ኋላ ፊቱ በኩራት በርቷል። ሲሚንቶን አየች። ሲሚንቶ ብቻ አትስቅም፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

"እውነቴን ነው፣ አልችልም። የጉልበቴ ጅማት ተበጥሷል። ጠዋት ነው ሐኪሙ የነገረኝ። አንድ ዓመት አልጫወትም። ከዚያ በኋላም አይታወቅም።"

የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነበር።

"መቼ ነው የተበጠሰው?" አለ አባቷ ከታች።

"ዋንጫው ላይ።"

"ዋንጫው ላይ መቼ?"

"ከማለቁ በፊት።"

"እና በተበጠሰ እግር ነው ስትሮጪ የነበርሽው? እኔ ዳር ላይ ቆሜ 'በርቺ፣ ልጄ!' ስል?" ወደ አሰልጣኟ ዞረ። "እርስዎስ? ዓይን የለዎትም?"

ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሰልጣኟ ብዙ ልትል ትችል ነበር። መድረኩ ላይ ወጥታ ማይክሮፎኑን ሳትይዝ ተናገረች።

"አየሁ። ጠየቅኳት፣ ክራምፕ ነው አለችኝ። ዋንጫውን ስለፈለግኩ አመንኳት። ማመን አልነበረብኝም።"

አባቷ ስልኩን ኪሱ ከተተ። በመደዳው መሃል አልፎ በሩን ከፍቶ ወጣ። ብሎኬት ልትከተለው ስትል ጉልበቷ ከዳት። ሲሚንቶ መቼ እንደወጣች ሳይታወቅ ትከሻዋን ከብብቷ ስር አስገብታ ደገፈቻት። አሰልጣኟ ከጋሪው ላይ ሽልማቱን አንሥታ ሰጠቻት።

"ይኼ ያለፈው ዓመት ነው፣ የሚመጣው አይደለም። ያንቺ ነው" አለቻት።

ልጆቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ከፊሎቹ እያለቀሱ ነበር፤ ያ ደግሞ ብሎኬትን ይበልጥ አናደዳት። እንደ ሞተች አታልቅሱብኝ ልትል ፈልጋ ተወችው።

ኬኩ ሲቆረስ መልማይዋ የመጠጥ ውሃው አጠገብ አገኘቻት።

"አልዋሽሽም፣ ዘንድሮ አልወስድሽም" አለቻት ሴትዮዋ። "ብትደብቂኝ ኖሮ በምርመራ ይገኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ስምሽን አልሰማም ነበር። ሲሻልሽ ደውዪልኝ፣ መጥቼ አይሻለሁ። ቃል ግን አልገባም።"

"እሺ።"

"ያቺ ቀጭኗስ? አሁን ደግፋሽ የነበረችው?"

ብሎኬት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ደህና ናት" ልትል ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ደህና ናት ማለት ምንም አለማለት ነው፣ ሴትዮዋ አመስግናት ትሄድ ነበር። ቅናት እንዲህ ሥጋ ውስጥ የሚገባ ነገር መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር።

"እኔ ፊት ለፊት የምጋጨው እሷ ከኋላዬ እንዳለች ስለማውቅ ነው" አለች በመጨረሻ። "እኔን ሰው ያየኛል። እሷን የምታያት እኔን ያለፈች አጥቂ ናት፣ አልፋ የምታውቅ ካለች።"

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ወደ ሲሚንቶ ሄደች። ብሎኬት ሁለቱ መስኮቱ ስር ሲያወሩ ቆማ ማየት አልቻለችም። ወጣች።

አባቷ ከሕንፃው ጀርባ፣ የሜዳው አጥር ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኮቱን አውልቆታል።

"ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ" አለ ሳያያት።

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"

"እሱ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ከሰው እኩል መስማቴ ነው። ለኔ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ልነግርህ ስል ስለ ሴትዮዋ ሹራብ ታወራ ነበር።"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ሳቅ ቀደመው። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ነይ፣ አሳዪኝ እስቲ" አላት። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን ዘረጋችለት። ጉልበቷ ከፋሻው በላይና በታች አብጦ ወጥቷል። አባቷ ፋሻውን ቀስ ብሎ ፈታው፣ አላልቶ መልሶ አሰረው። ካፍቴሪያው ውስጥ ዘፈን ተከፍቶ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ክረምት ላይ ተደረገ። ቤት ተኝታ ከረመች። አባቷ ሱቁን እየዘጋ እየመጣ ምሳ ያበላታል፣ ጎረቤት ሲጠይቀው "ትሻላለች" ብቻ ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። ሲሚንቶ ከክለቡ ጋር ፈርማ ካምፕ ገባች። ከዚያ ትደውላለች። ብሎኬት መጀመሪያ ላይ ስልኩ ሲጠራ እያየች ዝም ትለው ነበር። እንቅልፍ ይዞኝ ነው፣ ሐኪም ጋ ሄጄ ነው እያለች በመልእክት ትመልሳለች። አንድ ቀን ግን ሰለቻትና አነሣችው።

ያቺ ዝምተኛ ልጅ አፏን ከከፈተች አልዘጋችውም። የካምፑ አልጋ ጠባብ ነው፣ ማንም አያዋራትም፣ ልምምድ ላይ አንዲት አጥቂ አለች፣ በግራ እየገባች መጫወቻ አደረገቻት፣ አሰልጣኙም አየ።

"ፊት ለፊት አትግጠሚያት፣ በቀኟ እንድትሄድ በሩን ክፈቺላት" አለቻት ብሎኬት። "ቀኝ እግሯ ደካማ ከሆነ ራሷ ትጨነቃለች።"

በማግስቱ ስልኩ ሲጠራ ከትራስ ሥር ፈልጋ አነሣችው።

"አለፈችኝ" አለች ሲሚንቶ።

"ስንቴ?"

"አንዴ ብቻ።"

"አንዴስ ለምን ታልፍሻለች? እግርሽን ቀድመሽ ወርውረሽ ነው!" ብሎኬት አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። "ቆይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ኳሱን ስትቀበል የት ቆመሽ ነበር?"